ሁለት እጅ መሪው ላይ

ዶክተር ሶልያና የቀኝ እጇን አንጓ የሰበረችው ጊዮርጊስን ስትሳለም ነው።

የግንቦት ማለዳ ነበር። ባሕር ዳር እንደ ወትሮዋ ቆማ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ሁሉም ስኩተሩ ላይ ወጥቶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ አንገቱን አቅንቶ በዘንባባዎቹ ሥር ይፈሳል። ሶልያናም ከመሃላቸው ነበረች። የጥርስ ክሊኒኳ ሐይቁ ዳር ነው። የዕለቱ የመጀመሪያ ታካሚዋ መንጋጋው ሲጠዘጥዘው ያደረ ሰው ስለነበር ሐሳቧ በሙሉ እሱው ጋ ነበር። ላለፉት ዓመታት እንደ ሌላው ሰው በልቧ ብቻ ነበር የምትሳለመው። በዚያ ማለዳ ግን ሐሳቧ በሰውየው ጥርስ ስለተያዘ እጇ ማንንም ሳይጠይቅ ተነሳ። አማተበች፤ ራሷንም ዝቅ አደረገች።

መሪው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች።

"ተጓዥዋ ራሷን ስታለች" አለ ስኩተሩ በለስላሳ ድምፅ። ጎማዎቹ ተቆለፉ። "ለደህንነትዎ ሲባል ቆመናል" የሚለውን ሶልያና የሰማችው አየር ላይ ሆና ነው።

አስፋልቱ ላይ ስትዘረር ማንም አልቆመም። ከጭካኔ አይደለም። በመስመሩ ውስጥ ስኩተር አይቆምም፤ ቁም ቢሉትም እሺ አይልም። ከኋላዋ የመጡት በሥርዓት ግራና ቀኝ እየተከፈሉ አለፏት። ተጓዦቹም ሰው ናቸውና አዘኑላት። አንገታቸውን ሳያዞሩ በዓይናቸው ጥግ እያዩ "አይዞሽ!" ይሏታል። "አይዞሽ እህቴ!" "እግዜር ይማርሽ!" "አይዞሽ!" ይህ ሁሉ ሰው አልፎ ሲያበቃ ሶልያና አይዞሽ የሚለውን ቃል ጠልታው ነበር።

በዚያ ዘመን በባሕር ዳር በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ ታማሚ ነው፣ ወይ አእምሮው የተነካ ነው፣ ወይ ከሽው ጋር የተጣላ ነው። ሽው የከተማዋን ስኩተሮች በሙሉ የያዘው ኩባንያ ነው። መንገዱን ለስኩተር ለማስፋት ሲባል የእግረኛው ዳርቻ ተቀንሶ ተቀንሶ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ ሆኗል። እያንዳንዱ ስኩተር ጥበቃ የሚሉት ነገር አለው። ጥበቃው የተጓዡን እጅና አንገት ያያል። አንድ እጅ ከመሪው ተነስቶ ራስ ዝቅ ካለ ሰውየው ራሱን ስቷል ብሎ ያስባል፤ በአንድ ጊዜም ያቆማል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ብዙ እንቅልፋም አድኗል።

ከዚያ በኋላ ሰው ለመደ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ሰላምታ በቅንድብ ሆነ። ሕፃናት አፀደ ሕፃናት ሲገቡ ከሀሁ በፊት አንገት ማቅናት ይማራሉ። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው እንኳ ደረቱን መምታት ካማረው ከመስመሩ ወጥቶ ከስኩተሩ ይወርዳል፤ ይመታል፤ እንባውን ጠርጎ ተመልሶ ይወጣል። ይህን ያየ የውጭ አገር እንግዳ የባሕር ዳር ሰው ጨዋ ነው ብሎ አድንቆ ይሄዳል።

ሆስፒታል ውስጥ የአጥንት ሐኪሙ ራጁን አየና ከንፈሩን መጠጠ። አንጓው ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ለጊዜው በጀሶ ይያዛል። ነገር ግን ከመስቀል በፊት ተከፍቶ ብረት ካልገባበት እንደደረቀ ይቀራል።

"ብርጭቆ ታነሺበታለሽ" አላት። በሙያ ወንድሟ ስለሆነ አላድበሰበሰም። "ጥርስ ግን አትነቅይበትም።"

"ታዲያ ነገ ክፈተው።"

"አልችልም። የመንገድ ጉዳት ነው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የቀዶ ጥገና ክፍሉ በር አይከፈትልኝም። እኔ ቁልፍ የለኝም ሶልያና፤ በሩ ራሱ ነው የሚያውቀው።"

ሶልያና ፈራች። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው አፍ ውስጥ የኖረ እጅ ነው። ባሏ ሲሞት፣ ልጇ አግብታ ስትርቅ፣ እጇ ነበር ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት። ስትፈራ ደግሞ እልኋ ይነሳል፤ ተፈጥሮዋ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከሽው የተላከ አንድ ቅርጫት ብርቱካን መጣ። ብርቱካኑ እንደተቀመጠ ከአልጋዋ ራስጌ ያው ለስላሳ ድምፅ ተናገረ።

"ውድ ተጓዥ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት። ሦስት አማራጭ አለዎት። አንደኛው፣ 'ጥፋቱ የኔ ነው' ብለው በድምፅዎ ይናገራሉ፤ ቀዶ ጥገናውን ነገ በነፃ እናሠራለን። ሁለተኛው፣ ዝም ይላሉ፤ ዝምታዎ ከሦስት ወር በኋላ እንደ መጀመሪያው ይቆጠራል፤ ቀዶ ጥገናው ግን አይኖርም። ሦስተኛው፣ ይከሳሉ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ለራስዎ ደህንነት ሲባል ስኩተሮቻችን አይጭኑዎትም። የትኛውን ይመርጣሉ?"

ሶልያና አንደኛውን አሰበችበት። ለይስሙላ አይደለም፣ የምር አሰበችበት። ሦስት ቃል ነው፤ ነገ እጇን ታገኛለች። ከዚያ ግን በቀረው ዕድሜዋ ጊዮርጊስን ባለፈች ቁጥር ምን እንደምታስብ ታያት። መሳለም ጥፋት ነው ያለች ሴት።

"ብርቱካኑን ውሰዱልኝ" አለች። "ሦስተኛውን።"

ጠበቃዋ ያፌት አብሯት የተማረ ሰው ነው። ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ወጥታ እያየ ይዘንባል የሚል ዓይነት ነው። ቢሮው ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ በዚያች ጠባብ ዳርቻ ግድግዳ ግድግዳውን ታክካ፣ ላብ በላብ ሆና ደረሰች።

"ሕጉ ካንቺ ጋር ነው" አላት ውሃ እየቀዳላት። "የማሽን ባለቤት ማሽኑ ለጎዳው ሰው ይጠየቃል። አጥፍቷል አላጠፋም አይባልም፤ ማሽኑ የሱ ከሆነ አበቃ።"

"ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?"

"አንድ ቀዳዳ አለች። ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ ከሆነ ባለቤቱ ነፃ ይወጣል። ሽው እስከ ዛሬ ሁሉንም ያሸነፈው በዚችው ቀዳዳ ነው። ጥፋት ማለት ደግሞ ምን መሰለሽ፣ ጤነኛ ሰው በዚያ ቦታ የማያደርገውን ማድረግ ነው። እነሱ የሚሉት፣ ጊዮርጊስ በር ላይ እጁን ከመሪው የሚያነሳ ሰው የለም ነው።"

"ባሕር ዳር ውስጥ? ጊዮርጊስ በር ላይ?"

"ምስክር አምጪ" አለ ያፌት። "በእጁ ምክንያት የወደቀ ሰው።"

ምስክር ፍለጋው ከባድ አልነበረም፤ ምስክሩ የተገኘው በእግር ከሚሄዱት መሃል ነው። የሆነ ቀን በዳርቻው ላይ ከፊት ለፊቷ አንድ ሽማግሌ መጡ። አንዳቸው ግድግዳ ላይ ካልተለጠፉ መተላለፍ አይችሉም። ሰውየው ተለጠፉላት። አቶ ሙራድ ይባላሉ፤ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እሳቸውም ከስኩተር ወድቀው ነበር፤ ከገዛ ሱቃቸው ደጃፍ። አንድ ወዳጃቸው "አሰላሙ አለይኩም" ሲላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው መለሱ። አንገትጌ አጥንታቸው ነው የተሰበረው።

"እና ከሰሱ?" አለቻቸው ሶልያና።

"አይ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ።" ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። "ሕመሙ አላስችል ብሎኝ ነው። ትከሻዬ ድኗል፤ የከነከነኝ ሌላ ነው። ሰላምታ የመለሰ ሰው ጥፋተኛ ነው ብዬ በገዛ አፌ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ስኩተር ላይ አልወጣሁም። ማንም ሳይከለክለኝ።"

"ፍርድ ቤት ቀርበው ይናገሩልኛል?"

"ለዚህ ነው መሰለኝ አላህ እዚህ ግድግዳ ላይ የለጠፈኝ" አሉና ሳቁ።

ችሎቱ የተቀመጠው በሐምሌ አጋማሽ ነው። ይህ ራሱ አንድ ጭንቅ ነበር። ፍርድ ቤቱ ነሐሴ ሲገባ ለክረምት ይዘጋል፤ ሲከፈት መስቀል አልፏል። ከዚያ በፊት ካልተወሰነ ሶልያና ብታሸንፍም አሸነፈች አይባልም።

የሽው ጠበቃ ኬብሮን የምትባል ወጣት ነበረች። ሰው አታመናጭቅም፣ አትጮህም። ችሎት ከመግባቷ በፊት ወደ ሶልያና መጥታ "እጅዎን እንዴት ነዎት ዶክተር?" ብላ የጠየቀችው ከልቧ ነበር። ሶልያና ልትጠላት ፈልጋ አቃታት፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አናደዳት።

ኬብሮን ግድግዳውን አበራችው። ጊዮርጊስ በር ታየ። ማለዳ፣ ቀትር፣ ምሽት፣ የበዓል ቀን፣ የአዘቦት ቀን። ሰው ያልፋል። ነጠላ የለበሱ፣ ቦርሳ ያነገቱ፣ ልጅ ያቆሙ። ሁለት እጅ መሪው ላይ ነው፤ አንገት እንደ አጥር ግንድ ቀጥ ብሏል። አንድም እጅ አልተነሳም።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ከአደጋው በፊት የነበረው የአንድ ዓመት ምስል ነው" አለች። "አፍጥነን አሳየን እንጂ የቆረጥነው የለም። ዶክተር ሶልያና፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎት። ከዚያ ቀን በፊት፣ እዚያ በር ላይ፣ ስኩተር ላይ ሆነው እጅዎን አንስተው ያውቃሉ?"

ሶልያና አፏን ከፈተች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ግድግዳው ግን አይዋሽም።

"አላውቅም" አለች።

"ታዲያ እርስዎ ራስዎ የማያደርጉትን ነገር ማሽኑ እንዴት ሊጠብቅ ይችላል?"

አቶ ሙራድም ቀርበው ተናገሩ። ጥሩ ተናገሩ። ኬብሮን በአክብሮት ካዳመጠቻቸው በኋላ የራሳቸውን ድምፅ አሰማቻቸው። "ጥፋቱ የኔ ነው" ይላል ድምፁ፤ በሕመም የተሰበረ የሽማግሌ ድምፅ። አቶ ሙራድ ቆመው ሰሙት። ከመቆሚያው ሲወርዱ ሶልያና ደግፋ አስቀመጠቻቸው።

ዳኛው አቶ ናኦድ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ፣ በትንሽ በትልቁ የማይቆጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ግድግዳውን አዩ። ፊታቸው ላይ የተነበበውን ያፌት አልወደደውም። ለማግስቱ ቀጠሩ።

"አለቀልን" አለ ያፌት ኮሪደሩ ላይ። "ስሚኝ ሶሊ፣ ዛሬ ሄደሽ አንደኛውን ምረጪ። ሳይፈረድብሽ ከተናገርሽ ይቀበሉሻል። እጅሽን አድኚ። ክብር ክብር የምትይው ጥርስ አይነቅልም።"

ሶልያና እዚያው ኮሪደር ላይ ቆማ አንድ የቆየ ታካሚዋን እያሰበች ነበር። ዓመት ሙሉ በግራ በኩል ብቻ ሲያኝክ የኖረ ሰው ነው። ለምን ስትለው "ልማዴ ነው፣ ከተፈጠርኩ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ" ብሎ ሊምልላት ደርሷል። በቀኝ በኩል የበሰበሰ መንጋጋ ነበረው። እሱን ነቀለችለት። በሳምንቱ ሲመጣ በሁለቱም በኩል ቆሎ ይቆረጥም ነበር።

"ያፌት" አለች፣ "የኬብሮን ምስል ውሸት አይደለም።"

"ችግራችን እሱ ነው እኮ!"

"አይደለም። ሰው ሲያመው የሚያደርገውን ነው ያሳየችን። ጥርሱን የሚያመው ሰው በየት በኩል ማኘክ እንደሚወድ ማወቅ ከፈለግህ መጀመሪያ ሕመሙን ታነሳለታለህ። ከዚያ ቁጭ ብለህ ታያለህ።"

ያፌት ነገሩ እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ሲገባው ግን ያ ሁልጊዜ የሚዘንብበት ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ።

በማግስቱ ዳኛው ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት ሶልያና ራሷ ልናገር ብላ ጠየቀች። ተፈቀደላት። የማኘኩን ነገር ነገረቻቸው። ከዚያም፣ ፍርድ ቤቱ ጊዮርጊስ በር ላይ ቆሞ እንዲያይ፣ ለአንድ ሰዓት ያህልም በዚያች መንገድ ላይ ጥበቃው እንዲጠፋ ጠየቀች።

ኬብሮን ብድግ አለች። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተቃውሞ አለኝ። ጥበቃው የሚጠፋው ሰው ለመጉዳት ነው እንዴ? አንድ ሰው ቢወድቅስ?"

"ጥበቃው ጠፍቶ የሚወድቅ ሰው ካለ" አለች ሶልያና፣ "እኔው ነኝ ጥርሱን በነፃ የምጠግነው። በግራ እጄም ቢሆን።"

ዳኛው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ፈቀዱ። ነገር ግን ለተጓዦቹ አስቀድሞ ምንም እንዳይነገር አዘዙ። ኬብሮንም በበኩሏ፣ ጥበቃው ከታዘዘው ሰዓት አንዲት ደቂቃ እንዳያልፍ፣ ልክ በሰዓቱ እንዲመለስ እንዲታዘዝላት ጠየቀች። እሱም ተፈቀደላት።

በቀጠሮው ቀን ዝናቡ ሲያካፋ አድሮ ረፋዱ ላይ ፋታ ሰጠ። ዳኛው ዘንባባ ሥር ወንበር ተደርጎላቸው ተቀመጡ። የችሎቱ ጸሐፊ አጠገባቸው ነው። ኬብሮንና የሽው ቴክኒሻን በአንድ በኩል፣ ሶልያና፣ ያፌትና አቶ ሙራድ በሌላ በኩል ቆሙ። ቴክኒሻኑ በእጁ የያዛትን ትንሽ ሰሌዳ ነካ። በመንገዱ ላይ የሚያልፉት ስኩተሮች አረንጓዴ መብራት አንድ በአንድ ጠፋ።

ምንም አልሆነም።

ሰው ያልፋል። ሁለት እጅ መሪው ላይ፣ አንገት ቀጥ። ጎረምሶች አለፉ፤ ሁለት መነኮሳት አለፉ፤ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች ተከታትለው አለፉ። አንዳቸውም ወደ በሩ አልዞሩም። ኬብሮን መናገር አላስፈለጋትም። ያፌት ጫማውን ያያል። ሶልያና ያንን የቆየ ታካሚዋን አሰበች። ይህን ያህል ጊዜ ያመመው ጥርስ ተነቅሎም ቢሆን ሰውየው በግራ ብቻ ሲያኝክ ቢኖርስ? ሰው እንደዚህም ይሆናል። እስከ ዛሬ አስባው የማታውቀው ነገር ነው፤ እጇን ከማጣት በላይ አስፈራት።

ያን ጊዜ አንዲት የፕላስቲክ ካፖርት የለበሰች፣ እግሯ ሥር ጥቅል ጎመን የጫነች ሴት አለፈች። በሩ ጋ ስትደርስ ዓይኗ መሪዋ ላይ ወደቀ። መብራቷን አየች። በአውራ ጣቷ መታ መታ አደረገቻት። አልበራችም። ሴትየዋ አለፈች፤ ወደ አደባባዩም ሄደች።

ዞራ ተመለሰች።

ሶልያና ያፌትን በጤነኛ እጇ ቆነጠጠችው። ሴትየዋ በሩ ጋ ስትደርስ ቀኝ እጇን ከመሪው አንድ ጣት ያህል አነሳች። ጠበቀች። ስኩተሩ አልተንገጫገጨም። እጇን እስከ ግንባሯ ወሰደች። ጠበቀች። ስኩተሩ መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ የምትጠብቀው ነገር አልነበረም። አማተበች፤ ከወገቧ ዝቅ ብላ ጎመኗን በግንባሯ ልትነካው እስክትደርስ ተሳለመች።

ከኋላዋ የነበረው ሰውዬ አያት። የራሱን መብራት አየ። እሱም እጁን አነሳ። ከሱ ኋላ ያለችውም። ወሬው እንዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም፤ ማንም ማንንም ሲጠራ አልተሰማም። ትንሽ ቆይቶ ግን ከሌሎች መንገዶች እየታጠፉ የሚመጡ በዙ። አንድ ሽማግሌ ሁለቱንም እጃቸውን ለቀው ወደ ሰማይ ሲዘረጉ ዳኛው ደንግጠው ከወንበራቸው ተነሱ። ሽማግሌው ግን ቀጥ ብለው አለፉ፤ ስኩተሯ ከሳቸው ጋር የኖረች እስክትመስል ድረስ።

"አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ሙራድ!" አለ አንድ ወጣት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

"ወአለይኩም ሰላም!" አሉ አቶ ሙራድ። እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደቀረ ረሱት። አፍታ ሳይቆይ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ሰላም አላቸው። ሰው አንገቱን እያዞረ ሰው ያያል። ባልንጀራውን አይቶ ስሙን የሚጣራ አለ። ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ጎን ለጎን እየሄዱ፣ ስንት ዓመት ያልተነጋገሩ ይመስል አንዳቸው ሳትጨርስ ሌላዋ ትቀጥላለች። ከጎማ ፉጨት በቀር የማይሰማበት መንገድ ገበያ መሰለ። ሶልያና እያለቀሰች እንደሆነ ያወቀችው ያፌት መሐረቡን ሲሰጣት ነው። እሱም ዓይኑ ቀልቷል።

"ዝናብ ነው" አላት። ዝናብ ግን አልነበረም።

መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በሰው ሞልቶ ሳለ ቴክኒሻኑ ወደ ኬብሮን ጠጋ አለ።

"ሰዓቱ ደርሷል እትዬ። ልመልሰው?"

ኬብሮን የምታየው አንዲት እናትን ነበር። እናትየዋ ትንሽ ሴት ልጇን ከፊቷ አቁማለች። አንዱ እጇ ግንባሯ ላይ ነው። በሌላው እጇ የልጅቷን ራስ ወደ በሩ ዝቅ እያደረገች እንዴት እንደሚሳለሙ ታስተምራታለች። መሪውን የያዘ እጅ የለም። ከፊታቸውም ከኋላቸውም ያለው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው።

"እትዬ፣ በሰዓቱ ይመለስ ያሉት እርስዎ ነዎት። ልመልሰው ወይ?" ጣቱ ሰሌዳው ላይ ነበር።

"አትመልሰው!" ኬብሮን ጮኸች። እጁን ለቀም አድርጋ ያዘችው። "እንዳትነካው! አታያቸውም እንዴ? ሁሉም ይወድቃሉ እኮ!"

ዘንባባው ሥር ያሉት ሁሉ ወደ ኬብሮን ዞሩ። የችሎቱ ጸሐፊ ዳኛውን አየ። ኬብሮን የቴክኒሻኑን እጅ እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ያለችውን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነው። ሰውን የሚጥለው ጥበቃው እንደሆነ በገዛ አፏ ተናግራለች።

ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉ። "የተከሳሽ ጠበቃ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ያሉት ቃል በቃል ይመዝገብ። ተቃውሞ አለዎት?"

ኬብሮን ወደ መንገዱ ተመለከተች። እናትና ልጅ አልፈው ነበር፤ በቦታቸው ሌሎች መጥተዋል። የቴክኒሻኑን እጅ ቀስ ብላ ለቀቀች። የሽው ጠበቃ ሆና ለመናገር የሚያስፈልጋት ነገር ሁሉ አፏ ላይ ነበር። ሶልያና አየቻት፤ አንድ ሰው በአንደኛውና በሦስተኛው አማራጭ መሃል ሲቆም ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች።

"የለኝም" አለች ኬብሮን። "ይመዝገብ።"

"እንግዲያው ፍርዱ ሰኞ ይነበባል። ጥበቃው በዚች መንገድ ላይ እስከዚያ ድረስ እንደጠፋ ይቆይ።" ዳኛው ሊነሱ ካሉ በኋላ መልሰው ተቀመጡ፤ ወደ ሶልያና ጀሶ በአገጫቸው አመለከቱ። "የዶክተሯ እጅ ግን ሰኞን ሊጠብቅ አይገባም። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ አሁኑኑ ለሆስፒታሉ ይነገረው፤ በሩን ይክፈቱላት።"